በራሷ ቃል የተሰረዘች

እናታችሁ «እኔ ምን አደረግሁና!» ስትል አምናችኋት ታውቃላችሁ?

አታውቁም። ስድስት ልጅ አሳድጋ፣ አማቷን አስታማ ቀብራ፣ የጎረቤቱን ሠርግ በጫንቃዋ ተሸክማ ካሳለፈች በኋላ «ምን አደረግሁና» የምትል ሴት፣ እውነትም ምንም አላደረገችም ብሎ የሚደመድም ሰው በዚህ አገር ከተገኘ፣ ወይ ጡት ያልጣለ ሕፃን ነው፣ ወይ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳ። ኤልዳና ሽብሩም እናቷን አላመነቻትም ነበር። መዝገቡ ግን አመናት።

ነገሩ የተጀመረው በ2078 ዓ.ም.፣ በየካቲት ወር ሁለተኛው ሰኞ ማለዳ፣ አዳማ ውስጥ ነው። ኤልዳና በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ማስተማር ከጀመረች ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሰኞ ሰኞ ልጆቹ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በግቢው ረጅም ግድግዳ ፊት ይሰለፋሉ። ግድግዳው የጥቁር ሕዝቦችን ባለታሪኮች አንድ በአንድ ይጠራል፤ የተጠሪው መልክ ቦግ ይላል፤ ልጆቹም ልክ እንደ ክፍል ጓደኛቸው «አለ!» ወይም «አለች!» ብለው ይመልሳሉ። ከዳካር እስከ ሞምባሳ፣ ከኪንግስተን እስከ ባሂያ፣ ጥቁር ልጆች በሚማሩበት ሁሉ ሳምንቱ የሚከፈተው እንዲህ ነው።

«ቱሴን ሉቨርቱር!»

«አለ!»

«ሐሪየት ታብማን!»

«አለች!»

«ክዋሜ ንክሩማ!»

«አለ!»

«ዋንጋሪ ማታይ!»

«አለች!»

ከዋንጋሪ ማታይ ቀጥሎ የሚጠራው ስም አስናቀች ጉርሙ ነበር። የኤልዳና እናት ናት። ልጆቹ የአስተማሪያቸው እናት መሆኗን ስለሚያውቁ፣ የእሷ ተራ ሲደርስ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኹ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ግድግዳው ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። የመልኳ ቦታ የግድግዳውን ቀለም ለብሷል። ለመጮኽ አየር ስበው የነበሩት ሁለት መቶ ሕፃናት የሳቡትን አየር ለሚቀጥለው ሰው አዋሉት። «አለ!» አሉ። አንድም የተደናቀፈ አልነበረም። ኤልዳናን ያስደነገጣት ከስሙ መጥፋት ይልቅ ይኸው አለመደናቀፋቸው ነው።

ወደ ክፍል ሲገቡ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ቀሚሷን ጎተተቻት።

«ቲቸር፣ የእርስዎ እናት ዛሬ ቀሩ እንዴ?»

«አልቀሩም፣ የኔ ቆንጆ። ይመጣሉ» አለቻት፤ ልጅቷም አምና ሄደች።

የባለታሪኮቹን ስም ከሚያረጋግጠው መዝገብ መልእክት በእረፍት ሰዓት ደረሳት። አጭር ነው። አስናቀች ጉርሙ ከተረጋገጡ ባለታሪኮች ዝርዝር ወጥታለች። ምክንያቱ፣ ድርጊቱን አለመፈጸሟን ራሷ መስክራለች። ይግባኝ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ።

ድርጊቱ የታወቀ ነው፤ ማለትም እስከዚያ ሰኞ ድረስ የታወቀ ነበር። በ2029 ዓ.ም. አስናቀች በቢሾፍቱ አየር ማረፊያ የጭነት መጋዘን ዕቃ ተቆጣጣሪ ነበረች። ከአንድ የአውሮፓ ሙዚየም ተነሥተው ወደ አንድ የባሕረ ሰላጤ አገር የግል ማከማቻ የሚያልፉ አርባ አንድ ሣጥኖች ደረሱ። ወረቀታቸው «የጥናት ናሙና» ይላል። የአንዱ ጥግ ተሰንጥቆ ስለነበር እንደ ደንቡ ተከፈተ። ውስጡ የሰው ራስ ቅል ነበር። ግንባሩ ላይ በጥቁር ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከቁጥሩ ሥር የአንድ መንደር ስም። ቅኝ ገዢዎች ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ከምሥራቅ አፍሪካ ቆርጠው የወሰዷቸው ሰዎች ነበሩ፤ አርባ አንዱም።

አስናቀች አልጮኸችም። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችና ሣጥኖቹ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። አለቃዋ መጥቶ «ምን ሆንሽ?» አላት።

«ለቅሶ ተቀምጬ።»

«የማን ለቅሶ?»

«የእነዚህ። ሰው በዕቃ ደረሰኝ አይሄድም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላዘዘም። ጫኚዎቹ በየተራ እየመጡ «እግዜር ያጥናሽ» ብለው አጠገቧ ተቀመጡ። አንዱ ሄዶ ከሰፈሩ ዕድር ድንኳን ተሸክሞ መጣ። ሊያስነሷቸው የተላኩት ጥበቃዎች ለቅሶ ቤት ገብቶ ሐዘንተኛ መጎተትን እናቶቻቸው አላስተማሯቸውምና፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ዳር ዳሩን ያዙ። እስከ ሣልስት፣ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከዚያ መጋዘን አንድ ካርቶን እንኳ አልተነቃነቀም። በአራተኛው ቀን ናይሮቢና ሌጎስ ያሉ ጫኚዎች የየራሳቸውን ለቅሶ ተቀምጠው ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ከአውሮፓ መሳቢያዎች ወጥቶ ወደ አፈሩ ያልተመለሰ የአፍሪካ ሰው አጥንት ጥቂት ነው። ልጆች አሥር ዓመት ሳይሞላቸው የሚያውቁት ታሪክ ይህ ነበር።

መዝገቡን ያቋቋሙት ጠላቶቻችን አይደሉም። ጠላት ቢሆን ነገሩ በቀለለ። በሠላሳዎቹ መጨረሻ ውሸት ረክሶ ነበር፤ ማንም ሥራ ፈት ከቁርሱ በፊት ያልተደረገ ጦርነት፣ ያልኖረ ጀግና፣ ያልተነገረ ንግግር ከነምስሉ ከነድምፁ አምርቶ ይለቅ ነበር። የባሪያ ንግድ የሚባል ነገር አልነበረም የሚሉ የሐሰት ምስክሮች በየቀኑ በሺህ ይፈለፈሉ ነበር። ስለዚህ የእኛው ምሁራን፣ የእኛው ሽማግሌዎች፣ እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው «የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ስም በስም፣ በማስረጃ ይረጋገጥ» አሉ። ተጨበጨበ። ያልተረጋገጠ ስም ግድግዳ አይጠራውም፣ መጽሐፍ አይይዘውም፣ ድምፅ ማሠራጫም ሆነ የጆሮ ማዳመጫ አያስተላልፈውም ተባለ። ለዚህም ተጨበጨበ። ማስረጃ የሚባለው ምን ዓይነት ሰው የሚሰጠው ቃል እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም። ምሁሮቻችን ማጨብጨብ ሲይዙ እጃቸውን ነፃ ለማድረግ አእምሯቸውን መሬት ያስቀምጣሉ።

በ2052 ዓ.ም. መዝገቡ «በሕይወት ያሉ ባለታሪኮችን ቃል ቅረጹልን» ብሎ ቤተሰቦችን ጠየቀ። የእናቷን የቀረጸችው ኤልዳና ራሷ ናት። እየሳቀች ቀርጻ፣ እየኮራች ላከችው። እናቷ በሁለተኛው ዓመት ሞተች። ቃሉ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የትም ሳይደመጥ ተኛ። አሁን መዝገቡ የቆዩ ቃሎችን እንደ አዲስ ማዳመጥ ጀምሯል።

ኤልዳና በዚያው ሳምንት ጋሽ በርናባስን ፍለጋ ቢሾፍቱ ሄደች። ጋሽ በርናባስ ያኔ ከጫኚዎቹ አንዱ ነበሩ፤ ድንኳኑን ተሸክመው ያመጡት፣ ሦስቱን ቀን ከእናቷ ጎን ያልተነሡት እሳቸው ናቸው። ዛሬ የሰማንያ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ሆነው በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«የአዳማ ሙቀት ገና አላቀለጠሽም?» አሉ ገና ከበሩ ሲያዩዋት። «እናትሽ ብትኖር ‹ልጄን እንደ ቅቤ አቀለጠብኝ› ትል ነበር።»

«ጋሽ፣ በእማዬ ጉዳይ ነው የመጣሁት። አስናቀች ጉርሙን ከመዝገቡ አወጧት።»

«ማንን?»

«አስናቀችን።»

ሽማግሌው ጆሯቸው ውስጥ ያለውን ማዳመጫ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ይኼ ነገር ምን እንደነካው እንጃ። ስሙ ጋ ስትደርሺ ጭጭ ይላል። እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ሦስት ጊዜ። ከንፈሯን አተኩረው እያዩ ነበር፤ ፈገግታቸው ቀስ በቀስ ከፊታቸው ሸሸ።

«ከሰኞ ጀምሮ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማለዳ ጸሎት ላይ የሞቱትን ሁሉ እጠራለሁ። የሁሉም ስም ከአፌ ሲወጣ ይሰማኛል። የእናትሽ ግን አይሰማኝም። እርጅና መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም።»

ኤልዳና ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ የእናቷን ስም በትልቁ ጻፈችላቸው። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ማዳመጫውን ነቅለው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት፤ ከዚያ ደግሞ ያለ እሱ እንደማይሰሟት ትዝ ሲላቸው መልሰው ሰኩት።

«ምስክር ፈልገው ነው?»

«የዓይን ምስክር። በድርጊቱ ውስጥ አብሯት የነበረ ሰው። ከእርስዎ ሌላ በሕይወት ያለ የለም።»

«ቀጠሮው መቼ ነው?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ ከረባቴን አስሬ እመጣለሁ። እናትሽ በዚያ ከረባት ስታሾፍብኝ ነው የኖረችው።»

«ጋሽ፣ አንድ ነገር አደራ። እዚያ ሲጠይቁዎት እንዳያሳንሱት። ያደረጉትን አደረግሁ ይበሉ።»

«አንቺ ደግሞ! እኔ ሕፃን ነኝ?»

ሐሙስ ጠዋት አዲስ አበባ፣ የመዝገቡ ሕንፃ አዳራሽ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሁሉም ፎቶ አቅፈዋል። ከኤልዳና አጠገብ የተቀመጠች ኩምባ የምትባል ሴኔጋላዊት የአባቷን ፎቶ ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ስደተኞች የጫነች ጀልባ ስትሰምጥ መቶ አሥር ሰው ከባሕር አውጥቷል። አስተርጓሚው ንግግሯን ያለ ስሜት ወደ አማርኛ ገለበጠው፦ «አባቴ ሲጠየቅ ‹መረቡ ነው ያወጣቸው› ብሎ ነበር። እንግዲህ መረቡ ባለታሪክ ሆነ፤ አባቴ ወጣ።» አዳራሹ ውስጥ ግማሹ ሰው ሳቀ። ሳቁ ቶሎ ሞተ፤ ሁሉም የሳቀው በራሱ አባት እንደሆነ ገብቶታል።

ይግባኝ ሰሚው ኢዮስያስ የሚባል አርባዎቹን ያጋመሰ ትሑት ሰው ነው። ጋሽ በርናባስ ሲገቡ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ወንበር ሳበላቸው፤ «ደክሞዎት ይሆናል፣ ውኃ ይምጣልዎት?» አለ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ሲሰርዝህ ስድብ እንኳ አፍህ ላይ አይመጣም። ጠረጴዛው መሐል አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት በርታለች፤ በመዝገቡ ስም የምታዳምጠው እሷ ናት፤ ቃሉን ባመነች መጠን ትደምቃለች።

«መጀመሪያ ቅጂውን እንስማ» አለ ኢዮስያስ።

ክፍሉን የወጣት ኤልዳና ድምፅ ሞላው። «እማዬ፣ በይ ንገሪን። ሣጥኖቹን ያስቆምሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«ኧረ በስመ አብ! እኔ ምን አደረግሁና! ሰዉ ነው እንጂ። እኔማ እግሬን አሞኝ ቁጭ አልኩ፤ ሰዉ መጣ፤ በቃ።»

«እግርሽን አሞሽ!» ወጣቷ ኤልዳና በሳቅ ፈረሰች።

«አዎ፣ እግሬን። በይ ይኼን ነገር አጥፊውና ምሳ ይቅረብ።»

ኤልዳና የገዛ ሳቋን ስትሰማ ጆሮዋን መያዝ አማራት።

«በሌላ በኩል» አለ ኢዮስያስ፣ «የሙዚየሙ መግለጫ አለ። በዳይሬክተሩ የተፈረመ። ‹አጽሞቹን በራሳችን ተነሣሽነት፣ በበጎ ፈቃዳችን መልሰናል› ይላል። አንደኛው ወገን አደረግሁ አለ፤ ሌላዋ አላደረግሁም አለች። የተቃረነ ነገር ስለሌለ መዝገቡ ድርጊቱን የሙዚየሙ አድርጎ አረጋግጦታል።»

«አቶ ኢዮስያስ! ይሄ እኮ ይሉኝታ ነው!»

«ወይዘሮ ኤልዳና፣ እኔም እናት አለኝ። ይገባኛል። ግን ይሉኝታ የሚባል የማስረጃ ዓይነት የለንም።»

«ሰርቆ መቶ ዓመት የደበቀ ሰው ‹መለስኩ› ሲል ይታመናል?»

«በጽሑፍ ስላለ።» ድምፁ የአየር ትንበያ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር። «እርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎት። ሐሪየት ታብማንም ከትናንት ጀምሮ በማጣራት ላይ ናት። ሰዎቹን ከባርነት ያወጣኋቸው እኔ ሳልሆን ጌታ ነው ትል ነበር።»

«ያሳድዷት የነበሩትስ? ባሪያ አሳዳሪዎቹ?»

«እነሱ ሙሉ በሙሉ የተረጋገጡ ናቸው። ስንት ባሪያ እንደነበራቸው፣ ስንቱ እንደጠፋባቸው፣ ሁሉን ነገር በራሳቸው እጅ ጽፈዋል።»

ኢዮስያስ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አባት፣ ምስክርነትዎን ይስጡ።»

ጋሽ በርናባስ ከረባታቸውን አስተካክለው ተነሡ። አነጋገራቸው ልብ የሚሞላ ነበር። የሣጥኑን ስንጥቅ ተናገሩ፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ቁጥር ተናገሩ፣ እሷ ነጠላዋን እንዴት እንዳዘቀዘቀች በእጃቸው አሳዩ። «ሰው በዕቃ ደረሰኝ አይሄድም ያለችው እሷ ናት። እነዚህ ጆሮዎቼ፣ ይኼ ነገር ሳይሰካባቸው በፊት፣ ሰምተዋታል። እግሯን አላመማትም! ከሁላችን ጠንካራ እግር ነበራት!» አረንጓዴዋ መብራት እየደመቀች መጣች። ኤልዳና ወደ መብራቷ ጎንበስ አለች። ኢዮስያስ እንኳ ፈገግ አለ።

«በጣም ጥሩ፣ አባት። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለ፤ ለሥርዓት ያህል ነው። እርስዎ ራስዎ በእነዚያ ሦስት ቀናት ምን ሲያደርጉ ነበር?»

ኤልዳና የሽማግሌውን ፊት አየች። ያን መልክ ታውቀዋለች። ሰው ሊያመሰግናቸው ሲል የዚህ አገር ሽማግሌዎች ሁሉ የሚያሳዩት መልክ ነው፤ አንገት ሰበር፣ ዓይን ወደ መሬት፣ እጅ ወደ ደረት።

«ጋሽ!» አለች።

«እኔማ ምን አለሁበት፣ ልጄ» አሉ ጋሽ በርናባስ ለኢዮስያስ። «እንደ ማንኛውም ሰው ለቅሶ ደርሼ ነው እንጂ።»

መብራቷ ጠፋች።

ኢዮስያስ ከፊት ለፊቱ የመጣውን የመዝገቡን ጽሑፍ ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበ። «ምስክሩ በቦታው የተገኙት ለሌላ ጉዳይ ነው። በድርጊቱ አልተሳተፉም። ምስክርነቱ ውድቅ ነው።»

«ድንኳኑን ማን አመጣው?» ኤልዳና ጮኸች። «ጋሽ፣ ድንኳኑን ማን ነው የተሸከመው?»

«አሁን ድንኳን መሸከምም እንደ ሥራ ይወራል?» አሉ ሽማግሌው ቅር ተሰኝተው። ከዚያ የጠፋችውን መብራት አዩ። ገባቸው። ፊታቸው በአንድ ጊዜ አሥር ዓመት አረጀ። «አይ! ቆይ! እኔ ነኝ! ድንኳኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ! ሦስቱን ቀን ሳልነሣ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ አብራት ይቺን፣ እኔ ነኝ!»

«ምስክሩ ቃላቸውን ለውጠዋል» አለ ኢዮስያስ። ይህን ሲያነብ ቀና ብሎ አላያቸውም።

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ከረባታቸውን ፈቱት። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሳቸው «እኔ ነኝ» ብለው የጮኹት ያን ቀን ነበር፤ ያም ውሸት ሆኖ ተመዘገበ።

በመዝገቡ ደንብ ይግባኝ ባይ የመጨረሻ አንድ ደቂቃ አለው። ፍርድ በድብቅ እንዳይሆን ተብሎ ያቺ ደቂቃ በጥቁር ሕዝቦች አገር ሁሉ በቀጥታ ትተላለፋለች። ብዙ ሰው በዚያች ደቂቃ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? ያመሰግናል። «እግዜር ይስጥልን፣ ደክማችሁልናል» ይላል። መዝገቡም ያንን «ውሳኔውን ተቀብሏል» ብሎ ይጽፈዋል።

ኢዮስያስ ድምፁን ወደ ሹክሹክታ ዝቅ አደረገ። «እባክዎ፣ አመስግነው ይጨርሱ። የመምህርነት ፈቃድዎ በመዝገቡ በኩል ነው የሚታደሰው።»

ኤልዳና ተነሣች። የእናቷን ስም ብትጠራ ከመላው ዓለም ጆሮ ላይ እንደሚቆረጥ ታውቃለች። ስለዚህ የማንንም ስም ላለመጥራት ወሰነች። የደንቡ ልክ እስከዚያ ነው፤ ስም ይቆርጣል እንጂ ቁጣ መቁረጥ ገና አልተማረም።

«የምናገረው ለመዝገቡ ዋና ጠባቂ፣ ለደንቡ የበላይ ኃላፊ ነው» አለች። «አላመሰግንዎትም። ውሳኔውንም አልተቀበልኩም። ትሕትናን ክህደት ነው ብሎ ይህን ደንብ የጻፈ ሰው አለ። ማሽን አይደለም፤ ሰው ነው፤ ደመወዝተኛ ነው፤ እናት አለችው። የዘራፊን ፊርማ ማስረጃ፣ የጨዋን ቃል የጥፋት ኑዛዜ ያደረገው እሱ ነው። ጉረኛ ብቻ የሚቀርበት ታሪክ የጥቁር ሕዝብ ታሪክ አይደለም፤ የጌቶቹ ታሪክ ነው! ታች አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ፎቶ አቅፎ ተቀምጧል። ማናችንም ከዚህ አንሄድም። ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት በዚህ ሕንፃ ደጃፍ ላይ ይውጡ። በጽሑፍ አይደለም፣ በቃል አቀባይ አይደለም፤ በእግርዎ ቆመው፣ ስምዎን ተናግረው፣ እኛ ፊት፣ ሕዝብ እየሰማ ይመልሱ፦ የሙታኖቻችንን ራስ ቆርጠው የወሰዱትን አምናችሁ፣ ያለቀሱላቸውን ያላመናችሁት በማን ፈቃድ ነው? ይውጡና ይመልሱ!»